ምዕራፍ 7፦ ግማሽ ኪሎ

በኅዳር አብርሃ ጅራ ላይ ሚዛን ሥራ አይፈታም። ሰሊጡ ከማሳ ተራግፎ በጆንያ ይገባል፣ ይመዘናል፣ አፉ ይሰፋል፣ መኪና ላይ ይወጣል። አንድ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። ከዚያ ላይ ግማሽ ኪሎ ቢጎድል ሻጭና ገዢ ትንሽ ይነታረኩ ይሆናል እንጂ በግማሽ ኪሎ የተነሳ ገበያ ሲፈርስ አይታይም።

በዚያው ከተማ፣ ጤና ተቋም ውስጥ፣ ሌላ ሚዛን አለ። ለምሳሌ ያህል አንዲት እናት የሦስት ወር ተኩል ልጇን ከአንቀልባ አውርዳ «ሲስተር፣ ካስቀመጠው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ያስመልሰዋልም» ትላለች እንበል። ከሳምንት በፊት ክትባት ሲወስድ በካርዱ ላይ የተጻፈው ክብደት 6 ኪሎ ነበር። ነርሷ ልብሱን አውልቃ ታስቀምጠዋለች፤ 5 ኪሎ ተኩል። ግማሽ ኪሎ ጎድሏል።

ይህ ግማሽ ኪሎ ለኩንታሉ ከመቶ ግማሽ እጅ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ከመቶ ስምንት እጅ ያልፋል። አባቱ ስልሳ ኪሎ ይመዝናል ቢባል፣ ከልጁ ጋር እኩል ተጎዳ ለማለት በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ኪሎ ማጣት አለበት። በሦስት ቀን አምስት ኪሎ የጎደለበት አባት በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የሚመጣው፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሕፃኑ ግን ድሮም በጀርባ ስለሚታዘል፣ አቅሙ መክዳቱን መንገድ ላይ የሚያየው የለም።

ነርሶች ሲሠለጥኑ «ሕፃን ትንሽ አዋቂ አይደለም» የሚል ቃል ይሰማሉ። ቃሉ እውነት ነው፤ ችግሩ ሕፃን ምን እንዳልሆነ ይነግራል እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። የቀረውን የሚሞላው ከላይ ያለው ሒሳብ ነው። ሕፃን ሁሉ ነገሩ በጥቂቱ የተቀመጠለት፣ ከጥቂቱም ላይ በፍጥነት የሚወጣበት ፍጡር ነው። ልጆችን የማስታመም ሙያ በአብዛኛው ይህን ሒሳብ ደጋግሞ መሥራት ነው።

ስኒውና ጀበናው

ቡና ቀርቦ ወሬ ሲደራ፣ የተረሳው ስኒ ይቀዘቅዛል፤ ጀበናው ግን ከከሰል ከወረደ በኋላም ትኩስነቱን ይዞ ይቆያል። ቡናው ያው አንድ ቡና ነው። ስኒው የያዘው ጥቂት ሆኖ፣ ለአየር የተጋለጠው ፊቱ ግን ከያዘው አንጻር ሰፊ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃንም እንዲሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ያለው ቆዳ ከአዋቂው ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ውሃም ሙቀትም በዚህ ሰፊ በር ይወጣሉ።

የሕፃኑ ገላ ራሱ ውሃ ያመዝንበታል። ከአዋቂ ሰው ክብደት ስልሳ በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን አዲስ በተወለደ ልጅ ሰባ አምስት በመቶ አካባቢ ይደርሳል። በሦስተኛው ምዕራፍ ኩላሊት ውሃ ሲያጥር ሽንትን አጠንክሮ እንደሚቆጥብ፣ እንደ ጥሩ ባለቤት እንደሚጨነቅ ተነግሮ ነበር። የሕፃን ኩላሊት ቁጠባ ገና ያልለመደ ባለቤት ነው፤ ከጎደለበትም ላይ ያወጣል። ትንፋሹ ፈጣን ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ እርጥበት ይሄዳል። ትኩሳት ሲጨመርበት ይብሳል።

ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውሃ፣ ከቋራ እስከ አብደራፊና አብርሃ ጅራ ያለው አገር ደግሞ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ቴርሞሜትሩ አርባ ዲግሪ የሚደርስበት ቆላ ነው። በደጋው የተረሳ ስኒ ይቀዘቅዛል፤ እዚህ ይደርቃል።

ሚዛን በሌለበት

ጥሩ የሕፃን ሚዛን በየጎጡ አይገኝም። ሚዛኑ ቢኖርም የቀድሞው ክብደት የተጻፈበት ካርድ ቤት ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በዓይንና በጣት መመዘን ይማራሉ።

የሆድ ቆዳ፣ በእምብርትና በጎን መካከል፣ በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ይለቀቃል። ደህና ልጅ ላይ ወዲያው ይመለሳል። ውሃ የጎደለው ልጅ ላይ ይዘገያል፤ ክፉኛ የጎደለው ልጅ ላይ ደግሞ ከሁለት ሰከንድ በላይ እንደ ሊጥ ተቆንጥጦ ይቀራል። ዓይኑ ሰርጎ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ነርሷ ከራሷ ዓይን ይልቅ እናቲቱን ታምናለች። «ዓይኑ ወትሮም እንዲህ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ትናንት የልጁ ዓይን የት እንደነበር የምታውቀው እናቱ ብቻ ናትና።

ከዚያ እርግብግቢቱ አለ። አናቱ ላይ ያለችው፣ አጥንቱ ገና ያልገጠመባት፣ ልብ ሲመታ የምትርገበገበው ለስላሳ ቦታ። የኢትዮጵያ እናቶች ሐኪም ሳይነግራቸው እርግብግቢትን ሲጠብቁ፣ ቅቤም ሲያደርጉባት ኖረዋል። ውሃ ሲጎድል ይህች ቦታ ትሰረጉዳለች። ተነፍታ ከወጣችና ልጁ ትኩሳት ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የአንጎል ሽፋን ብግነት ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ መታየት አለበት።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። በምግብ እጥረት በጣም የከሳ ልጅ ቆዳው ውሃ ሳይጎድለውም ቀስ ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ዓይኑም የገባ ይመስላል። ስድስት ወር ከሞላው እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ የክንድ መለኪያው ጥብጣብ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ካሳየ፣ ውሃ የሚተካበት መንገድም የተለየ ነው፤ በጥንቃቄና በዝግታ፣ በጤና ተቋም።

ከምልክቶቹ ሁሉ ሰውን የሚያታልለው ግን ዝምታ ነው። ለሁለት ቀን ሲነጫነጭ የቆየ ልጅ በሦስተኛው ቀን ጸጥ ሲል፣ ያልተኛች እናት «ተመስገን፣ አሁንስ ተኛልኝ» ብትል አይፈረድባትም። ነርሷ ግን ከሚጮኸው ልጅ በፊት ዝም ያለውን ታነሳለች። የሚነጫነጭ ልጅ ለመነጫነጭ የሚሆን አቅም ተርፎታል።

«ይጠማዋል እኮ!»

በዚህ ቆላ የጤና ባለሙያን ከአያቶች ጋር የሚያከራክር አንድ ጉዳይ ቢኖር ይህ ነው። ምክሩ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውሃም ቢሆን አይሰጥ ይላል። አያት ደግሞ ላቧን እየጠረገች «እኛ እንኳ አልቻልነውም፤ ይህ ጨቅላ ያለ ውሃ እንዴት ይውላል?» ትላለች። ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። ከላይ ስለ ስኒው የተባለውን ያነበበ ሰውም ይኸንኑ ቢጠይቅ ትክክል ነው።

መልሱ ጡቱ ውስጥ ነው። ከእናት ጡት ወተት 88 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ልጁ በጠማው ቁጥር እስከጠባ ድረስ፣ በሞቃት አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም እንዳሳዩት፣ ተጨማሪ ውሃ አያስፈልገውም። ቢሰጠውስ? የልጁ ሆድ ትንሽ ነው፤ ውሃ የያዘው ቦታ ለወተት አይተርፍም። ልጁ ትንሽ ሲጠባ ጡቱም ትንሽ ያመርታል። ውሃው ከጉድጓድ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ሦስት ቀን ያስቀመጠውን ነገር ያመጣው ራሱ ሊሆን ይችላል። ውሃው መድረስ ያለበት ለእናቲቱ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ማሳ የምትውል አራስ ራሷ ሳትጠጣና ሳታጠባ የምትውልበት ቀን አለ፤ ምክሩን ከጤና ኬላ ይዞ መመለስ ቀላል ነው፣ ማሳ ላይ መፈጸም ግን የቤተሰቡን ሁሉ እገዛ ይጠይቃል።

ሰማንያ ሁለት ማንኪያ

በ1971 እ.ኤ.አ. የባንግላዴሽ ጦርነት ሲነሳ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ ገቡ። ቦንጋኦን በምትባል የድንበር ከተማ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ሲል ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው የሕፃናት ሐኪም ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጦ፣ በየበርሜሉ ሞልቶ፣ ቤተሰብ ራሱ በኩባያ ለታማሚው እንዲያጠጣ አደረገ። ከመቶ ታማሚ ሠላሳ ያህል ይሞትበት የነበረው ሰፈር ውስጥ፣ በዚህ ፈሳሽ ከታከሙት መካከል የሞተው ከመቶ አራት አይሞላም ነበር።

ነገሩ የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። የአንጀት ግድግዳ ላይ አንድ ግትር ዘበኛ አለ ብሎ ማሰብ ይቻላል። ጨው ብቻውን ሲመጣ ብዙም አያስገባም፤ ስኳር ብቻውንም እንደዚያው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ግን በሩን ይከፍታል፤ ውሃውም ተከትሏቸው ይገባል። ይህ በር ብርቱ ተቅማጥ ባለበት ሰዓት እንኳ ሥራውን አያቆምም። በኢትዮጵያ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው ከረጢት ውስጥ ያለው ዱቄት ለዚህ በር የተሰፈረ ነው።

መተማም የድንበር ከተማ ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ከገላባት በኩል ሕፃናት የታቀፉ ቤተሰቦች መሻገር ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ኩመር በተባለው የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ታየ። ቦንጋኦን ላይ ያዳነው ፈሳሽ እዚህም የመጀመሪያው መሣሪያ ነው።

ከረጢቱ ላይ ግን ስህተት ይሠራል። ዱቄቱ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከሆነ ሁለት ሃይላንድ ሙሉ። «እንዲጠነክርለት» ተብሎ በአንዱ ከተበጠበጠ ጨው ይበዛበትና ለሕፃኑ አደገኛ ይሆናል። የተበጠበጠው ከአንድ ቀን በላይ አያድርም።

ያ 5 ኪሎ ተኩል የሆነው ልጅ አሁን ዓይኑ ገብቷል፣ ይነጫነጫል፣ ማንኪያ ሲቀርብለት ግን ተስገብግቦ ይጠጣል። መካከለኛ የውሃ እጥረት ነው። ሒሳቡ በየኪሎው 75 ሚሊ ሊትር፣ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለእርሱ 412 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ስለዚህ ሰማንያ ሁለት ማንኪያ፣ በየአንድና ሁለት ደቂቃው አንዳንድ፤ በመካከሉ ጡት። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ታግሶ፣ ቀስ ብሎ መቀጠል ነው። ትልቅ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ተቀምጣ የምትቆጥር አንዲት እናትና አጠገቧ ቆማ «በርቺ» የምትል ነርስ ናቸው። ቤት ሲመለስም ዚንክ ክኒን ለአሥር ቀን ይሰጠዋል፤ ከስድስት ወር በታች ስለሆነ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የተለመደው ክኒን ግማሹ።

በአርባ ዲግሪ የሚበርደው ልጅ

ቆላ ላይ ሕፃን ይበርደዋል ሲባል ቀልድ ይመስላል። የእንስራ ውሃ በዚያ ሙቀት ለምን ቀዝቃዛ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ግን አይስቅም። እንስራው ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በእንሽርት ውሃ ርሶ የሚወለድ ልጅም ያው እንስራ ነው። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ካልተጠረገ፣ በሞቃት ክፍል ውስጥም ቢሆን ከሚፈለገው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ በታች ይወርዳል። መንቀጥቀጥ አይችልበትም፤ ሙቀት ለማምረት ያለችውን ጥቂት ስብና ስኳር ያቃጥላል። ስለዚህ ይጠረጋል፣ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይደረጋል፣ ገላውን መታጠቡ ቢያንስ ለአንድ ቀን ይዘገያል።

ተቃራኒውም እውነት ነው። ብዙ ቤተሰብ ከደጋ ወርዶ የሰፈረበት አገር ስለሆነ ጋቢውም አብሮ ወርዷል። ሳምንት የሞላው ልጅ በእኩለ ቀን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በጋቢ ተጠቅልሎ ትኩሳት ቢያሳይ፣ ነርሷ መጀመሪያ ጋቢውን ገልጣ፣ ጥላ ውስጥ አስቆይታ፣ እንደገና ትለካለች። ሁለተኛው ልኬትም ከፍ ካለ፣ በዚህ ዕድሜ ያለ ትኩሳት ቤት የሚያድር ነገር አይደለም።

የአባት ክኒን

ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጡ ሲደርስ ወባም ይደርሳል። የዓመቱ ጥሩ ገቢና የዓመቱ ክፉ በሽታ በአንድ ወቅት መግጠማቸው የዚህ ቆላ የቆየ ዕጣ ነው። ቤት ውስጥ አባት ታሞ ከተረፈው ክኒን ለልጁ ገምሶ መስጠት የተለመደ ነው፤ ግምሹ ግን በምን ሒሳብ?

ኮአርተም ለዓመታት በብዛት ሲሰጥ የኖረ የወባ መድኃኒት ነው። 35 ኪሎና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በአንድ ጊዜ አራት ክኒን ይወስዳል። ከ5 ኪሎ እስከ 15 ኪሎ ያለ ልጅ አንድ፤ ከ15 እስከ 25 ያለ ሁለት፤ ከዚያ እስከ 35 ያለ ሦስት። በቀን ሁለቴ፣ ለሦስት ቀን። ከ«ግማሽ» ጋር የሚገጥመው ከ15 እስከ 25 ኪሎ ያለው ልጅ ብቻ ነው። አሥር ኪሎ ለሆነው ልጅ ግማሹ እጥፍ ይሆንበታል፤ ሠላሳ ኪሎ ለደረሰው ግማሹ ጎዶሎ ነው፣ ጥገኛውም ላይሞት ይችላል። ዕድሜም አያስተማምንም፤ ሁለት የሦስት ዓመት ልጆች በክብደት ብዙ ሊለያዩ ይችላሉ። ለዚህ ነው ነርሷ ልጁን ሳትመዝን መድኃኒት የማታነሳው።

ወባ የጠናበት ልጅ ሌላም ጎዶሎ አለበት። አዋቂ ጉበቱ ውስጥ የሚያከማቸው ስኳር እንደ ጎተራ ነው፤ የሕፃኑ ግን እንደ ቁና ነው። ሁለት ቀን ያልበላ፣ በትኩሳት የሚቃጠል ልጅ ቁናው ባዶ ሲሆን ይፈዝዛል፣ ያንዘፈዝፈዋል። መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድ ላይ ጡት ወይም በስኳር የተበጠበጠ ውሃ መስጠት እስከ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል።

አንድ ሙሉ ደቂቃ

ትንፋሽ መቁጠርም ያው መጠን ነው። ሳንባ ምች የያዘው ልጅ በአንድ ትንፋሽ የሚያጣውን አየር በትንፋሽ ብዛት ሊተካ ይሞክራል። ከሁለት ወር በታች ያለ ልጅ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 ከተነፈሰ ፈጣን ነው። አዋቂ አርባ ጊዜ ቢተነፍስ ጎረቤት ይጠራል፤ ለአራስ ልጅ ግን አርባ ደህና ነው።

ቆጠራው ልጁ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ነው። ሕፃን አንዳንዴ ትንፋሹን ገታ አድርጎ ከዚያ ይሮጣል፤ በሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። ወረፋ በበዛበት ቀን ይህች ደቂቃ ትረዝማለች። ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀምራ፣ ኋላም የሳንባ ምች ሕክምናን ወደ ጤና ኬላ ስታወርድ፣ የሥራው ዋና መሣሪያ ይህች በሰዓት የምትቆጠር ደቂቃ ነበረች።

አስታማሚዋ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በእንግሊዝ ብዙ ሆስፒታሎች እናት ልጇን የምትጠይቅበት ሰዓት በጥብቅ የተገደበ ነበር፤ ስትሄድ ስለሚያለቅስ ባትመጣ ይሻላል ይባል ነበር። ጄምስ ሮበርትሰን የተባለ ሰው በ1952 እ.ኤ.አ. አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ሆስፒታል ውስጥ ለስምንት ቀን ብቻዋን ስትቆይ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። ሐኪሞቹ ተቆጡ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመንግሥት ሪፖርት እናቶች ይግቡ፣ ይደሩም ሲል መከረ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሁሉ ክርክር ያስገርማል፤ እዚህ አስታማሚ የሌለው ታማሚ እንዴት እንደሚታከም ነው የማይታወቀው።

ይህ ልማድ በተለይ ካላዛር ባለበት አገር ይጠቅማል። በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ በሽታ ትኩሳቱን ለሳምንታት ያራዝማል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ልጁን ያከሳል። አብደራፊ ላይ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ለዓመታት ሲያክመው ቆይቷል። በምሥራቅ አፍሪካ ለረጅም ጊዜ የተሠራበት ሕክምና የሁለት መድኃኒት መርፌ በየቀኑ ለ17 ቀን ነው፤ መጠኑም በኪሎ ይሰላል። አንድ የአራት ዓመት ልጅ በሦስተኛው ቀን ነጭ ጋዋን ሲያይ ይጮኻል። «አያምህም ማሙሽ» ብሎ መዋሸት ለአንድ ቀን ብቻ ይሠራል፤ አሥራ አራት የመርፌ ቀን ገና ይቀራል። «ትንሽ ያምሃል፣ እስከ አምስት እንቆጥርና ያልቃል» ማለት ግን እስከ መጨረሻው ያዛልቃል፤ የእናቱ እቅፍ ካልጋው ይሻላል።

ያ ሕፃን አራት ሰዓት ሲሞላው ልብሱ ወልቆ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል። 5 ኪሎ ከ900 ከሆነ፣ ዓይኑ ከተመለሰና ከጠባ፣ ኦ.አር.ኤስ.ና ዚንኩን ይዞ ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ግን እስኪነጋ አይጠበቅ፤ መኪና ካለ ጆንያው ይውረድና ልጁ ይጫን።